ዳኛው የፈለጉት መድረክ

ሰፈሩ ፈርሶ ሰዉ በየኮንዶሚኒየሙ ሲበተን፣ ዕድርተኛው በኢንተርኔት የሚወያይበት መድረክ ሊከፍት ተሰበሰበ። የትኛው ሶፍትዌር ይሻላል ሲባል የዕድሩ ዳኛ አቶ ደምመላሽ ጉሮሯቸውን ጠራርገው ተነሡ።

«አንዴ የገባ አባል የማይወጣበት፣ እኔን ማንም የማይቃወምበት፣ ሳልፈቅድ ትንፍሽ የማይባልበት ይፈለግልኝ!» አሉ።

ሰዉ ሁሉ አቀረቀረ። ዕድሜ ልኩን ቀብር ሲለፍፍ የኖረው የዕድሩ ጡሩምባ ነፊ ግን የሚሉትን ቦታ የሚያውቀው መሰለውና ሳቁ አመለጠው።

«ምን ያስገለፍጥሃል?» ብለው ዳኛው አፈጠጡበት። «እንግዲህ አንተው ፈልገህ አምጣ! አለዚያ ሰው በስልክ ይጠራራል፤ አንተም ጡሩምባህን ዛሬውኑ ታስረክባለህ።»

ሰውዬው ጡሩምባውን ብብቱ ሥር ሸጎጥ አድርጎ ብድግ አለ።

«ጌታዬ፣ ምን ያደክመናል? ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ መቃብራችን አለልን አይደል? የገባ አይወጣም፤ የሚቃወምዎት የለም፤ ትንፍሽ የሚል አንድ አባል አያገኙም። ችግሩ፣ ዳኛው ራሱ ካልገባ ከውጭ ሆኖ አይመራውም። እርስዎ ለመግባት ከቆረጡ ግን ጡሩምባዬን ዛሬ አላስረክብም፤ የምነፋው አንድ ቀርቶኛል።»