በጉም ውስጥ የመጣው ወንድም

ወለላ የምትባል መበለት ወደ መምህሯ ሄዳ፣ «የኔታ፣ መሬቴን በሐሰት ምስክር ወሰዱብኝ። ሦስት ዓመት አለቀስኩ። እግዚአብሔር ለምን ዝም አለኝ? ከእንግዲህስ መጸለዬን ልተወው?» ብላ ጠየቀቻቸው። የኔታም እንዲህ ብለው ነገሯት።

በሐይቅ ዳር ሁለት ወንድማማቾች ይኖሩ ነበር። ዓሣ አጥማጆች ናቸው። አንድ ባለጠጋ ታንኳቸውን የሚያስጠጉበትን ዳርቻ ተመኘ። ከአባታችን የወረስነው ነው፣ አንለቅም ቢሉት ሰዎች ልኮ መረባቸውን አቃጠለባቸው። በዚህ ጊዜ ታላቁ፣ «ማዶ ዳኞች አሉ፤ ተሻግሬ እከሳለሁ» አለ። ባለጠጋው ይህን ሲሰማ ታንኳቸው የተሠራበት የደንገል ሸምበቆ የታሰረበትን ገመድ በአገልጋዩ እጅ ከሥር ከሥሩ በቢላዋ አስበጣው። ከላይ ሲያዩት ደህና ይመስላል።

የሄደበት ጠዋት ጉም ነበረ፤ ታናሹ ከዳርቻው ቆሞ ሸኘው። ውሃው ወተት መስሏል፤ ሰማዩ የት እንዳለቀ፣ ሐይቁ የት እንደ ጀመረ አይለይም። ሰውየው በውሃ ላይ ሳይሆን በደመና ላይ የሚቀዝፍ መሰለው። ጥቂት እንደ ራቀ ደንገሉ እየተፈታ ከሥሩ ይሄድ ጀመር። አንድ እግሩ ሽባ ስለ ነበረ መዋኘት አይችልም።

«ወንድሜ፣ ድረስልኝ» ብሎ ጮኸ። መልስ የለም። በዳርቻው የቆሙት የባለጠጋው ሰዎች ሲሳሳቁ ግን በጆሮው ሥር ያሉ ያህል ይሰማዋል። ደግሞ ጮኸ። ኋላም «ለካ አንተንም ገዝተውሃል» ብሎ ወንድሙን ረገመው። ውሃው ደረቱ ሲደርስ ልመናና እርግማን ተደባለቀበት።

ያን ጊዜ ከጉሙ ውስጥ አንድ እጅ ወጥቶ የቀረውን ደንገል ያዘ። ታናሽ ወንድሙ ነበረ፤ ከንፈሩ ጠቁሯል፣ ትንፋሹ ተቆራርጧል።

«ለምን መልስ አልሰጠኸኝም?» አለው ታላቁ እያለቀሰ።

«እየዋኘሁ አፌን ብከፍት ውሃ ይሞላኛል። ወይ መጮህ ነው፣ ወይ መምጣት። መጣሁ።»

«በዚህ ጉም እንዴት አገኘኸኝ?»

«በድምፅህ ነዋ። ስትረግመኝም በእርግማንህ በኩል መጣሁ።»

ደንገሉን ተደግፈው ማዶ ደረሱ። ዳኞቹ በቢላዋ የተበጣውን ገመድ አዩ፤ አገልጋዩም ተጠርቶ አመነ፤ ዳርቻው ለወንድማማቾቹ ጸና። ታናሹ ግን ያ ብርድ ከደረቱ አልወጣለትም፤ ዕድሜውን ሙሉ ሲያስል ኖረ።

የኔታ ወደ ወለላ ዞሩ። «ልጄ፣ የበደሉሽ ሰዎች ሳቅ ቀርቦ የሚሰማሽ፣ የእግዚአብሔር ድምፅ የጠፋብሽ፣ አንቺም ጉም ውስጥ ስላለሽ ነው። ዝም ያለው ትቶሽ አይደለም። እየመጣ ነው፤ መምጣቱም ለእርሱ ቀላል አይደለም።»

«እስኪደርስ ብሰጥምስ፣ የኔታ?»

«እኔም ይህን ፈርቼ አውቃለሁ» አሉ የኔታ። «መቼ እንደሚደርስ አልነግርሽም፤ አላውቀውምና። ግን መጸለዬን ልተው አትበዪ። ማመስገን ካቃተሽ ውቀሺው። መውቀስም መጣራት ነው።»

ወለላም እዚያው አፈሩ ላይ ተንበርክካ፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ እግዚአብሔርን ትወቅሰው ጀመር።