«ይቀመጥ» የተባለው የዳሌ አጥንት

በአንድ ወቅት፣ ያውም እምብዛም ሳይርቅ፣ ወይዘሮ ደብሪቱ የሚባሉ የጤፍ ነጋዴ ዳሌያቸው ታመመ። ሐኪሞች የተበላሸውን የአጥንት ራስ አውጥተው ብረት ሊተኩላቸው ወሰኑ። ከቀዶ ጥገናው በፊት አንዲት ነርስ ቅጽ ይዛ መጣች።

«የሚወጣው አጥንት ይጣል ወይስ ይቀመጥ?»

«ምን ዓይነት ጥያቄ ነው? ይቀመጥ እንጂ!»

እሳቸው ይቀመጥ ያሉት ቤተ ክርስቲያን ግቢ ሊያስቀብሩት ነው። በቅጹ ቋንቋ ግን «ይቀመጥ» ማለት ለምርምር ይዋል ማለት ነው። ይህን የሚያስረዳ አንድ ሰው ይጥፋ? እኔ እስካሁን ደሜ ይፈላል።

አጥንቱ ለኢንጂነር ሕሊና ተላከ። ሥራዋ የታመመ አጥንት ምን ያህል ሸክም እንደሚችል መለካት ነው። ለሁለት ከፍላ አንዱን ግማሽ በመጭመቂያ ማሽን ከላይ ወደ ታች ተጫነችው። ሲያዩት ደንዳና የነበረው አጥንት፣ ጤነኛው የሚችለውን ሲሶ እንኳ ሳይችል እንደ ደረቀ ዳቦ ተፈረፈረ። አጥንት ግን በሁሉም አቅጣጫ እኩል አይጠነክርም፤ ሁለተኛውን ግማሽ በጎኑ መጫን ነበረባት።

ያስቸኮላት ስንዱ ናት። ስንዱ አስተናጋጅ ስትሆን በዚያው በሽታ ከወይዘሮ ደብሪቱ ጎን ተኝታለች፤ ሦስት ሳምንት ሙሉ ምሳቸውን አካፍለዋታል። ሐኪሟ በማግስቱ የገዛ አጥንቷን በብሎን ያሥረው ወይስ ቆርጦ ያውጣው፣ አላወቀም፤ የሕሊናን ልኬት ይጠብቃል። ብሎኑ ካልያዘ አጥንቷ ይሰበራል።

ወይዘሮ ደብሪቱ ወሬውን ሲሰሙ በክራንች እዚያው ሆስፒታል ወዳለው የሕሊና ላቦራቶሪ ገቡ። ስንዱም እያነከሰች ተከተለቻቸው።

«አካሌን ፈጨሽው! እንዴት ብትንቂኝ ነው?»

«እማማ፣ ፈቅደዋል ተብዬ ነው። ይቅርታ ያድርጉልኝ። ግን የቀረውን ከወሰዱብኝ ሐኪሟ ነገ በግምት ነው የሚሠራው።»

«እኔስ? በትንሣኤ ቀን በብረት ልነሳ? አምጪ የቀረውን!»

ሕሊና ግማሹን አጥንት ማሽኑ ላይ አኖረችው። ወይዘሮ ደብሪቱ ማሽኑን ሊመቱ ክራንቻቸውን አነሡ። ስንዱ ከሁለቱም ቀድማ አጥንቱን አፈፍ አደረገችው።

«እኔን ማን ጠየቀኝ?» ብላ ጮኸች። «እሷ በኔ ስም ትፈጫለች፣ እርስዎ እኔ እያለሁ ይቀብራሉ! ነገ የሚቀደደው ዳሌ የኔ አይደለም?»

ሁለቱም እጃቸውን ዘረጉ። ስንዱ አጥንቱን ደረቷ ላይ እንደያዘች እንባዋ መጣ።

ይኸው እስካሁን ከራሴ ጋር ስሟገት አለሁ። እናንተስ ምን ትላላችሁ? አጥንቱ የሚገባው ለማን ነው?