ወንዝ ያጠበው ኪኑዋ

ልጆቼ፣ ተረት ልንገራችሁ፣ ቀረብ በሉ። ጆሮ ያለው ይስማ፣ ልብ ያለው ያኑር።

ድሮ፣ ሰማይ ዝናብ በነፈገበት ዘመን፣ ዝማም የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት ነበረች። ያለቻት አንዲት ልጅ፣ ይታይሽ ብቻ ናት። እሷም በረሃብ ከስታ አንገቷ ራሷን መሸከም አቅቶት ነበር።

አንድ ቀን መንገደኛ በአህዮች እህል ጭኖ መጣ። ዝማም ውሃ አጠጣችው፤ ሌላ ምን አላት! እሱም አዘነላትና ጭነቱን አራገፈላት።

«ይህ ኪኑዋ ይባላል። ከባሕር ማዶ፣ ከተራራ አገር የመጣ ነው። እህል ይመስላል እንጂ የቆስጣ ዘመድ ነው። እንደ ሥጋ ጉልበት ይሰጣል፤ የደከመ ያቆማል። ላዩ ግን መራራ ነውና ሳታጥቢ እንዳትቀቅዪው» ብሏት ሄደ።

የአገሩ ጭቃ ሹም ደግፌ እህል መምጣቱን ሰማ። «እንግዳ ያመጣው ለሹም ነው» ብሎ እህሉን ነጥቆ ጎተራው ከተተ። ሳያሳጥብ አስቀቀለው። ቢቀምሰው እንደ እሬት መረረው። «መርዝ ነው!» ብሎ ጎተራውን ዘጋ።

ዝማም ሄደች። «ጌታዬ፣ ይታጠብ» አለችው።

«እህል አይታጠብም! በረከቱ በውሃ ይሄዳል። አባቶቻችን አጥበው አልበሉም!» በዚያ አገር ልማዱ ይኸው ነበር።

ደግማ ሄደች። «ጌታዬ፣ ለልጄ ብቻ፣ አንድ እፍኝ።»

«ሂጂ ከደጄ!» አላት። እያለቀሰች ተመለሰች። ይታይሽ ዓይኗን መግለጥ እንኳ ተስኗታል።

በሦስተኛው ዝማም ልመናውን ተወች። «ጌታዬ፣ እውነትዎን ነው፣ መርዝ ነው። ቤትዎ ምን ያደርጋል? ወንዝ ይውሰደው። እኔው ልጣልልዎ።»

«አሁን ልብ ገዛሽ!» ብሎ ጎተራውን ከፈተላት።

ጎረቤቶቿን ጠርታ ወንዝ ወረደች። እህሉን በወንፊት እያደረጉ ነከሩት። አሹት፤ እንደ እንዶድ አረፋ ደፈቀ። ደገሙት፤ አረፋው ሳሳ። ሠለሱት፤ ውሃው ጠራ። እዚያው ወንዝ ዳር ጣዱት። በሰለ፣ ፍሬው እንደ ክር የቀጠነ ነጭ ጭራ አወጣ፤ ምሬቱ የለም።

ዝማም በቅል ይዛ ሮጠች። ይታይሽን አቀፈቻት። አፏ አልከፈት አለ። ገላዋ ቀዝቅዟል። ወይ የእናት አንጀት!

አገሩ በዚያ እህል ከሞት ተረፈ። ደግፌን ከሹመቱ ሻሩት። ሲርበው ቅል ይዞ ዝማም ደጅ ቆመ። ከቅቅሉ ጨለፈችለት።

«ይብሉ ጌታዬ፣ አጥበነዋል።»

«ለካ እውነትሽን ኖሯል» አለ አንገቱን ደፍቶ።

«ይህንን ያን ጊዜ ቢሉኝ ኖሮ፣ ዛሬ ይታይሽ ነበረች የምታቀርብልዎ።»

ልጆቼ፣ «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» የሚባለው ለዚህ ነው። ተረቴን መልሱ፤ ዛሬ ግን አፌን በዳቦ አታብሱልኝ፣ አይወርድልኝም።