ያልተቀመሰው ፈረሰኛ

«አንድ ጠጅ ጣይ ነበረ» አሉ እትዬ አሰገደች፣ እንግዳቸው ዳግም ጥያቄውን ገና ሳይጨርስ።

ዳግም የጠየቀው ስለ ጠጅ አልነበረም። ነገ ልጁ ሁለት ዓመት ይሞላዋል። ጉልበቱ ላይ ባስቀመጠው ካርቶን ውስጥ በፊልም የታወቀ የአንድ ጀግና አሻንጉሊት አለ፤ ካባ የለበሰ፣ ጎራዴ የያዘ፣ ደረቱን ሲጫኑት ዓይኑ የሚበራ። ሚስቱ «ይሄ ለሁለት ዓመት ልጅ አይሆንም» ብላ ጠዋት ተጣልታዋለች። እሱ ደግሞ ፊልሙን ስምንት ጊዜ ያየ ሰው ነው። ስለዚህ ሠላሳ ዓመት በሕፃናት ማቆያ የሠሩትን እትዬ አሰገደችን ዳኛ ሊያደርግ መጣ። እውነቱን ለመናገር የመጣው እንዲፈርዱለት ነው። እሳቸውም ይህ ገብቷቸዋል። ካርቶኑን ዞር ብለው አላዩትም፣ «ይሆናል» ወይም «አይሆንም» አላሉም። ጉልበቱን ማንቀጥቀጡን እንዲያቆም በእጃቸው ጫን አደረጉትና ቀጠሉ።

ይህ ጠጅ ጣይ በአገሩ ሁሉ የሚታወቀው በአንድ ነገር ነው፤ ሳይቀምስ ለማንም አይሰጥም። ብርሌ ሲያቀርብ መጀመሪያ በግራ መዳፉ ላይ ጠብ ያደርግና ይጠጣል፣ ከዚያ በኋላ ነው ለእንግዳው የሚያቀብለው። በየቀኑ ለሚመጣ ደንበኛም እንደዚያው ነው። ለገዛ ወንድሙም እንደዚያው ነው። መንገደኛ ውኃ ቢለምነው እንኳ ከመዳፉ ሳይቀምስ አይሰጠውም ነበር። ለምን ሲሉት «የሰው አፍ እኔ እጅ ላይ ነው ያለው» ይላል። ሰዉም አምኖት ይጠጣል።

ይህ ሰው ጸጉሩ ሸብቶ ተስፋ ከቆረጠ በኋላ ወንድ ልጅ ወለደ። ከዚያ ቀን ጀምሮ መቀመጥ የሚባል ነገር አልሆነለትም። ልጁ ሲተኛ ትንፋሹን ሊያዳምጥ ይሄዳል። ሲነቃ ለምን ነቃ ይላል። ጠጅ እየቀዳ ጆሮው ጓዳ ነው። ልጁ ካለቀሰ ይደነግጣል፤ ዝም ካለ ደግሞ ይብስበታል። ሚስቱ «አንተ ሰውዬ፣ መሬቱ ያቃጥልሃል እንዴ? እስቲ አረፍ በል» ትለዋለች። አረፍ ይልና ወዲያው ብድግ ይላል።

ልጁ ዓመት ከመንፈቅ ሲሆነው ወደ ከተማዋ ተጫዋቾች መጡ። ጭምብል አጥልቀው ገበያ መሀል ተረት የሚያሳዩ ናቸው። ያን ጊዜ ያሳዩት የባለ መቶ ዓይኑን ፈረሰኛ ታሪክ ነበር። ጠላቱ ከየት እንደሚመጣ የሚያይ፣ ከፊትም ከኋላም የማይጠቃ፣ ፈጽሞ የማያንቀላፋ ፈረሰኛ ነው። ከተማዋ አበደች። ጸጉር አስተካካዩ የሁሉንም ጸጉር እንደ ፈረሰኛው ጸጉር ቆረጠው። ሙሽሮች በፈረሰኛው ዜማ ታጅበው ገቡ። ፈረሰኛው ጠላቱን ሲያገኝ «አየሁህ» ይላልና፣ ተከብረው የኖሩ ሽማግሌዎች ሳይቀሩ መንገድ ላይ ሲገናኙ እንደምን አደርክ ማለት ትተው «አየሁህ» ይባባሉ ጀመር። ጠጅ ጣዩ ሦስት ጊዜ ሄዶ አየው። በሦስተኛው ጊዜ እንባው መጣ። ፈረሰኛው አያንቀላፋማ። ልጄን በመቶ ዓይን በጠበቅሁት እያለ ሲመኝ የኖረው እሱ አይደል?

ተጫዋቾቹ ሲሄዱ ከእነሱ ጋር የመጣ አንድ የእጅ ባለሙያ ወደ ኋላ ቀርቶ የፈረሰኛውን አሻንጉሊት እየሠራ ይሸጥ ጀመር። ከጨርቅ የተሰፋ ነው። ውስጡ ገለባ ተጠቅጥቆበታል፣ ላዩ ቀይ ቀለም ተቀብቷል፣ ከፈረሰኛው ግንባር እስከ ፈረሱ ጭራ ድረስ በትንንሽ የመስታወት ዶቃ ተሞልቷል። ዶቃዎቹ ዓይኖቹ ናቸው። ጠጅ ጣዩ አንዱን ገዝቶ እያለከለከ ቤቱ ደረሰ።

ሚስቱ አገላብጣ አየችውና «ይሄ ለማን ነው?» አለችው።

«ለልጁ ነዋ።»

«ልጁ እኮ ፈረሰኛውን አላየውም።»

«አሁን ያየዋላ» አለና ለልጁ ሰጠው።

ልጁ ተቀበለ። አባትየው «አየሁህ በል» ቢለው ፈረሱን በጭራው ይዞ መሬት ደበደበበት። ቀጥሎ የፈረሱን ራስ አፉ ውስጥ ከተተው። አባቱ አውጥቶ ቀና አድርጎ አስያዘው። ልጁ መልሶ ከተተው። አባትየው እንደገና አወጣው፣ ልጁ እንደገና ከተተው። መጨረሻ ላይ አባትየው ሰለቸውና «ወዶታል ማለት ነው» ብሎ ወደ ጋኑ ተመለሰ። አልተሳሳተም፣ ልጁ ወዶታል። የወደደው ግን ፈረሰኛውን አይደለም። የሚያብለጨልጭ፣ የሚታኘክ፣ ሲጨምቁት የሚንኮሻኮሽ ነገር ነው የወደደው። በዚያ ዕድሜ ጀግና የሚባል ነገር የለም። ያለው አፍ ነው።

አራት ቀን እንዲህ አለፈ። በአምስተኛው ቀን፣ ከሰዓት በኋላ ላይ፣ ጠጅ ጣዩ ከጋኑ ቀና ሲል ልጁ አሻንጉሊቱን ጥሎት ሌላ ነገር ሲነካካ አየ። አሻንጉሊቱን አነሳው። ፈረሱ አንገት ላይ ክር ብቻ የቀረባት ቦታ አለች። አንድ ዓይን የለም።

ምንጣፉን አራገፈ፣ ወንበር ሥር ተንበርክኮ አየ፣ ጥራጊውን በጣቱ በተነ። የለም። እንግዲያው ልቁጠር ብሎ ከግንባሩ ጀመረ፤ ዘጠና ሦስት አገኘ። እንደገና ቢቆጥር ዘጠና አራት ሆነበት። ሦስተኛ ጊዜ ሲቆጥር ልጁ ሳል አደረገውና ቁጥሩ ጠፋበት።

«ብርድ ነው» አለች ሚስቱ ልጁን አቅፋ ወደ ጓዳ እየወሰደችው።

«ሰባት ዓይን ጎድሏል» አላት።

«የምን ዓይን?»

አሻንጉሊቱን ብብቱ ውስጥ ሸጉጦ ወደ ገበያ ሮጠ። ሲሮጥ በልቡ እየቆጠረ ነበር፤ ምን እንደሚቆጥር ግን አያውቅም።

ባለሙያው ጥላ ሥር ተቀምጦ ሌላ ፈረሰኛ እየሰፋ አገኘው። «ስንት ዓይን ነው የምትሰፋበት?» ብሎ ጠየቀው።

«መቶ ነዋ። ባለ መቶ ዓይኑ አይደል?»

«ቆጥረህ ነው?»

ባለሙያው ክሩን በጥርሱ በጠሰና ሳቀ። «ጌታው፣ ማን ይቆጥራል? እስኪሞላ ነው የምሰፋው። አንዱ ሰማንያ፣ አንዱ መቶ ሃያ ይሆናል። እስከ ዛሬ የቆጠረ ገዢ አላጋጠመኝም።»

«ልጅ አፉ ውስጥ ቢከተውስ?»

ባለሙያው መርፌውን አቆመ። «ልጅ? እኔ የሠራሁት ጨዋታውን አይተው ለወደዱ ሰዎች ነው። ልጅ ምኑን አውቆ?»

ጠጅ ጣዩ ወደ ቤቱ ተመለሰ። ሲሄድ ሰባት ጎደለ ብሎ ነበር። ሲመለስ የጎደለው አንድ ይሁን ሠላሳ ማወቂያ አልነበረውም። ቤቱ ሲደርስ ሁለት ደንበኞች ተቀምጠው ይጠብቁታል። ጓዳው ጸጥ ብሏል፣ ልጁ ተኝቶ ይሆናል። «ምነው፣ በውኃ ጥም ልትገድለን ነው?» አሉት። እጁ ልማዱን አልረሳም። ብርሌ አነሳ፣ ቀዳ፣ ግራ መዳፉ ላይ ጠብ አደረገ፣ ወደ አፉ አስጠጋ።

እዚያ ላይ ቆመ።

ጠጁ በጣቶቹ መሀል ፈሰሰ። ለሰካራም ቀምሷል። ለማያውቀው መንገደኛ ውኃ ቀምሷል። ለልጁ ግን በዓይኑ ብቻ አይቶ ሰጠ። በሕይወቱ ሳይቀምስ የሰጠው አንድ ሰው ቢኖር፣ ያ ሰው ልጁ ነው።

ብርሌውን አስቀመጠና ፈረሰኛውን ከብብቱ አወጣ። ደንበኞቹ እያዩት የፈረሱን ራስ አፉ ውስጥ ከተተው። ልጁ ሲያደርግ እንዳየው አድርጎ አኘከ፣ መጠጠ፣ በድዱ ጨመቀ፣ ጎተተ። አንደኛው ደንበኛ ሳቁን መቆጣጠር አቅቶት «ጠጁ ዛሬ ጣዩን ራሱን ጣለው» አለ። መጀመሪያ የመጣው ቀለሙ ነው፣ ምላስ የሚያኮማትር ምሬት። ቀጥሎ ክሩ ላላ። ቀጥሎ አንዲት ዶቃ ምላሱ ላይ ቁጭ አለች፤ ክብ፣ ልሙጥ፣ ማንም ሳይገፋት ወደ ጉሮሮ የምትንሸራተት። መዳፉ ላይ ተፋት። ምራቁ ቀይ ነበር።

ያን ጊዜ ሚስቱ ከጓዳ ስሙን ጠራችው፤ አጠራሯ ሌላ ነበር።

ሲገባ የልጁ አፍ ተከፍቷል፣ ድምፅ ግን አይወጣውም። ከንፈሩ ጠቁሯል። እናቱ ጭኗ ላይ በደረቱ አስተኝታ፣ ራሱን ወደ ታች ዝቅ አድርጋ፣ በትከሻዎቹ መሀል ጀርባውን በመዳፏ ትመታለች። አንድ። ሁለት። ጠጅ ጣዩ ደርቆ ቆመ። ፈረሰኛው እጁ ላይ ነው፣ ያ ሁሉ ዓይን አፍጥጦ ያያል፣ አንዱም ምንም አያደርግም። ሦስት። በአራተኛው አንዲት ነገር መሬት ላይ ጠብ ብላ ተንከባለለች፣ ልጁም ጮኸ። አባትየው ያን ጩኸት ሲሰማ እንደ ሕፃን አለቀሰ።

ሲረጋጋ ጎንበስ ብሎ ዶቃዋን አነሳና መዳፉ ላይ ካለችው ጎን አስቀመጣት። አይለያዩም ነበር።

ፈረሰኛውን አላቃጠለውም። ጠጅ ቤቱ ግድግዳ ላይ፣ የልጅ እጅ ከማይደርስበት ከፍታ ሰቀለው፤ ታሪኩን የሚያውቁት ጎልማሶች እየጠጡ «አየሁህ» ይሉታል። ለልጁ አጭር፣ ወፍራም የእንጨት ጭልፋ ፈለገለት። ያውም እንዲሁ አልሰጠውም። አጠበው፣ ግማሽ ቀን ሙሉ ሲያኝከው ዋለ፣ በድንጋይ መታው፣ እጀታውን ጎተተው፣ እንደገና አኘከው። ምንም ሳይወልቅ ሲቀር ሰጠው። ልጁ ባዶውን ጋን በጭልፋው ሲደበድብ ከረመ። ከዚያ በኋላ ጠጅ ጣዩ ለልጁ የሚመጣውን ሁሉ እየነከሰ የሚፈትሽ ሆነ፤ ከተማውም «መጫወቻ ቀማሽ» የሚል ስም አወጣለት። በስሙ አልተቀየመም። ግን አረፍ ብሎ መቀመጥ አሁንም አልቻለም። የጎደሉት ዓይኖች ስንት እንደነበሩ እስከ መጨረሻው አላወቀም።

እትዬ አሰገደች እዚህ ላይ ወደ ዳግምና ወደ ካርቶኑ ዞሩ።

«ጠጅ ጣዩ አንተ ነህ» አሉት። «ፈረሰኛው ጉልበትህ ላይ ተቀምጧል። ‹ይሄ ለማን ነው› ያለችው ሴት ደግሞ ጠዋት የተጣላሃት ናት። እኔ ፊልምህን አልጠላሁም፣ ጀግናህም ጥሩ ሰው ይሁንልህ። ልጅህ ግን ፊልሙን አላየም። አንተ ካርቶኑ ላይ ያለውን ስም ገዛህ። ለእሱ የሚደርሰው ስሙ አይደለም፤ የሚወልቀው ጫማ፣ የሾለው ጎራዴ፣ ዓይኑን የምታበራው የሸሚዝ ቁልፍ የምታህል ባትሪ ነው። አንድ ቀን ራሱ ‹አባዬ፣ ይሄ ማነው?› ብሎ ይጠይቅሃል። ያን ቀን ትሰጠዋለህ፣ ታሪኩንም ትነግረዋለህ። እስከዚያ መጫወቻው ያንተ ነው። ከፍ አድርገህ ስቀለውና ተጫወትበት፣ እኔ አልስቅብህም።»

ዳግም ካርቶኑን በሁለት እጁ ያዘ። «ግን እትዬ፣ ይሄኛው እኮ እንደዚያ አይደለም። ጠንካራ ነው። በደንብ የተሠራ ነው።»

«እሺ፣ አውጣውና ቅመሰው።»

ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም። ግራ ቀኙን አየና ካርቶኑን ከፈተ፣ የጀግናውን አንድ እግር አፉ ውስጥ ከቶ ነከስ አደረገና አወጣው። «ይኸው፣ ምንም አልሆነም» አለ።

«ገና ነው» አሉ እትዬ አሰገደች፣ ወንበራቸው ላይ ደገፍ ብለው። «ልጅህ ቀኑን ሙሉ ነው የሚያኝከው። ቀጥል እንጂ። ጎራዴው ቀርቷል።»

ዳግም ጎራዴውን ወደ አፉ አስጠጋ። እዚያ ላይ ቆመ።