ጃርት የለካው ቀለበት

ከወንዙ ማዶ ባለው ደን እንስሳት ሁሉ ከማለዳ እስከ ምሽት በአንበሳው ኮረብታ ዙሪያ ይዞሩ ነበር። ሕጉ የተቀዳው ከሰማይ ነው። ጉጉት አንድ ቀን፣ «ጌታዬ፣ ሳተርን የሚሉት ታላቅ ዓለም አለ፤ የበረዶና የድንጋይ ቀለበት ይዞረዋል፣ ጨረቃዎችም ይዞሩታል፤ ጥሎት የሚሄድ የለም» ብላ ለአንበሳው ነገረችው። አንበሳው ቅር አለው። ድንጋይ እንዲህ ከታዘዘ፣ እግር ያለው ለምን ቆሞ ይውላል?

ቀለበቱን የመለካቱ ሥራ ለጃርት ተሰጠ። ጃርት ጠንቃቃ ነው፤ ከጉድጓዱ ከመውጣቱ በፊት እሾሁን ይቆጥራል፣ ቁጥሩ ልክ ከሆነም አቆጣጠሩን ይጠራጠራል። ሦስት ክረምት ጉጉትን ሲጠይቅ ከርሞ የሰማዩን ደንብ ወደ ምድር አወረደው። ለኮረብታው የቀረበ ይፍጠን፣ የራቀ ይዝገም። ከተወሰነለት ፍጥነት የዘገየ ወደ ውስጥ ይገፋል። ከአንበሳው ሠላሳ እርምጃ ውስጥ የገባ ደግሞ ይበጣጠሳል፤ ይህን አንበሳው ራሱ በተግባር አረጋግጦለታል። ሰልፉ እንዳይበተን ሁለት ጅቦች ተመደቡ፤ የውስጡ ፈጣን፣ የውጩ ዘገምተኛ። እርምጃቸውን የወሰነው ጃርት ነው። ሲያስበው ያፍራል፤ በትክክል ስለ ወሰነ ግን ትንሽ ይኮራል።

በውስጠኛው መስመር የምትዞረው እመት አህያ ጉልበቷ ከድቷት በየዙሩ ወደ ውስጥ ትገፋ ጀመር። ወደ ሠላሳ እርምጃው ወሰን አራት እርምጃ ሲቀራት ሸንጎ አስጠራች።

የአንበሳው አፈ ቀላጤ ቀበሮ ተነሥቶ፣ «በየቦታችን ያቆየን የጌታችን ፍቅር ነው» አለ።

«ፍቅር ከሆነ አያ ጅቦ ምን ይሠራል?» አለች አህያ።

«ፍቅሩን ያግዛል።»

እንስሳቱ ሳቃቸውን ለመደበቅ አጎነበሱ።

«አያ ጃርት፣ ስትለካ ኖረሃል» አለች አህያ። «እስቲ የሳተርንን ድንጋዮች እዚያ ምን ያዛቸው?»

ጃርት ጉሮሮውን ጠረገ። «ሳተርን ይስባቸዋል፤ ሁልጊዜም ወደ እሱ እየወደቁ ናቸው። ነገር ግን ወደ ጎን ስለሚሮጡ ይስቱታል። ከመውደቅ ያዳናቸው የገዛ ሩጫቸው ነው።»

«ሩጫውን ቢጨምሩትስ?»

መልሱን ካገኘው ዓመት አልፎት ነበር። «በግማሽ ያህል ቢጨምሩ ጥለውት ይሄዳሉ። እዚህም የውስጡ ጅብ መስመሩን አይለቅም፤ የውጩም ዝግታ ስለ ለመደ አይደርስባቸውም። ይመስለኛል። አንድ ክረምት ስጡኝና ደግሜ ልለካው።»

«እኔ አራት እርምጃ ቀርቶኛል፣ አንተ ክረምት ትለኛለህ» አለች አህያ። «ያቃተኝ ዕድሜ ልክ መዞር ነው እንጂ አንዴ መሮጥ አይደለም።»

ሮጠች። ሚዳቋዎቹ ተከተሏት፣ ከርከሮውም፣ ዝንጀሮዎቹም። የውጩ ጅብ ሕግ አክባሪ ነበርና ወደ ጃርት ዞሮ፣ «እርምጃዬ ይጨመር ወይ?» ሲል ጠየቀ።

«ቆይ ልመርምረው» አለ ጃርት።

መርምሮ ሲጨርስ አቧራው በርዶ ነበር። በሜዳው ላይ ከጅቦቹ ሌላ የቀረው እሱ ብቻ ነው። አንበሳው ከኮረብታው ወርዶ በመገረም አየው።

«አንተስ ለምን አልሄድክም?»

«ጌታዬ፣ ስሌቱ ልክ መሆኑን ገና አሁን ማየቴ ነው።»

«አሁንማ አወቅህ።»

ጃርት አሰበ። «ያወቅሁት ለአህያ ልክ መሆኑን ነው። ለጃርት አልተለካም።»

«ለካ እንግዲህ» አለ አንበሳው።

ሁለቱ ጅቦች ግራና ቀኝ ሆኑለት። ጃርት አመስግኖ መዞር ጀመረ፤ የመጀመሪያው ዙር ለሙከራ ስለሆነ እንደማይቆጠር ግን አስቀድሞ አስታወቃቸው።