ተከፍቶ የማያውቀው ቅጂ

አንዲት ወጣት በአንድ የዞን ሆስፒታል የዳታቤዝ ሠራተኛ ሆና ተቀጠረች። በገባች በሁለተኛው ሳምንት የሕሙማኑ መዝገብ የተቀመጠበት ዋናው ኮምፒውተር፣ ሰርቨሩ፣ ተቃጠለ። ወደ ኃላፊዋ ወደ አቶ ተካልኝ ሄዳ «ባክአፑን፣ የመዝገቡን ቅጂ ይስጡኝ» አለቻቸው።

አቶ ተካልኝ ከቁምሳጥን አንድ ወፍራም ቦክስ ፋይል አወጡ። ውስጡ ወረቀት ብቻ ነው። በየዓርቡ «ቅጂ ተወስዷል» ተብሎ የተሞላ ቅጽ፤ ሦስት ፊርማ፣ ክብ ማኅተም።

«ጋሼ፣ እኔ የጠየቅኩት ቅጂውን ነው።»

«ይኸው። አንድ ዓርብ እንኳ አልተዘለለም፣ ቁጠሪው።»

«ይሄ መወሰዱን ነው የሚያሳየው። ዲስኩን ነው የምፈልገው።»

«አሃ፣ ዲስኩን? እሱማ ካዝና ውስጥ ነው። በየዓርቡ ቀድተን እንቆልፍበታለን። ከፍቶ ያየው ሰው የለም።»

ልብ በሉ። ይህን ያሉት በኩራት ነው።

በዚያ ቀን በቢሮው መስኮት ላይ ድንቅነሽ የምትባል እናት ቆማ ነበር። ልጇ ኤፍራታ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ልቧን ታማለች፤ ቀዶ ሕክምና ትጠብቃለች። ሦስት ዓመት ጠብቃ ከተራው አራተኛ ደርሳለች። እናቲቱ አንድ ቀን በእግር፣ አንድ ቀን በመኪና ተጉዛ የመጣችው ተራው ደረሰ ወይ ብላ ለመጠየቅ ነው።

ሠራተኛዋ ዳታውን ከዲስኩ መለሰችው። ቀዶ ሕክምና የሚጠብቁት ሕሙማን ስም አንድም ሳይጎድል መጣ። አቶ ተካልኝ «አላልኩሽም?» አሉ።

ተራውስ? ተራው የሚቀመጠው በሌላ ሰንጠረዥ ነው፤ ከስሙ ጋር የሚያገናኘው የካርድ ቁጥር ነው። ያ ሰንጠረዥ ከሦስት ዓመት በፊት ሲጨመር፣ ቅጂ ከሚወሰድላቸው ሰንጠረዦች መካከል ማንም አላስገባውም። ስም አለ፣ ተራ የለም። ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ሕመምተኛ፤ ማን እንደቀደመ፣ ማን እንደተከተለ የሚያውቅ የለም።

ከፈረሙት ውስጥ ሠራተኛዋ አልነበረችም። ለእናቲቱ የነገረቻት ግን እሷ ናት።

«አራተኛ ናት ብላችሁኛል» አለች ድንቅነሽ።

«እናቴ፣ አሁን ሁሉም ሰው እንደዚያ ነው የሚለው» አሏት አቶ ተካልኝ። «ሂጂ፣ እንጠራችኋለን።»

«እኔ ሁሉም ሰው አይደለሁም። የኤፍራታ እናት ነኝ።»

ወገኖቼ፣ ይህን ስነግራችሁ ተቆጥቼ ነው። የተቆጣሁት በሰርቨሩ አይደለም። ብረት ነው፣ ይቃጠላል። የተቆጣሁት በፊርማው ነው። ከመቶ ሃምሳ በላይ ዓርቦች አለፉ። ከእነዚያ በአንዱ፣ አንድ ከሰዓት በኋላ፣ አንድ ሰው ቅጂውን ሌላ ኮምፒውተር ላይ መልሶ ቢያየው የጎደለው ይታይ ነበር። ማንም አላየም። ቅጹ «ወስዳችኋል ወይ» ይላል እንጂ «ይመለሳል ወይ» አይልም።

እናንተስ? እኛስ? «ይቅር ብያለሁ» ብላችኋል፣ በሰው ፊት አሜን ብላችኋል። ያ ይቅርታ መቼ ተሞከረ? የበደላችሁ ሰው ነገ በራችሁን ቢያንኳኳ ትከፍቱለታላችሁ? «በእግዚአብሔር እታመናለሁ» ትላላችሁ። የምትደገፉበት ነገር ሁሉ በአንድ ቀን ቢቃጠል፣ ያ መታመን ይመለሳል ወይስ ስሙ ብቻ ይመጣል?

ደግሞስ የጉድለታችን ዋጋ የሚያርፈው በማን ላይ ነው? የፈረሙት ሦስቱም ዛሬ በየቢሯቸው ተቀምጠዋል። ሳንፈትሽ የተውነው ነገር የሚወድቀው እኛን ባመነ ሰው ላይ ነው። ልጆቻችሁ ያምኗችኋል። አልጋ ላይ የዋለው ጎረቤታችሁ «እጠይቅሃለሁ» ያላችሁትን ቃል አምኗል። ስለዚህ ሌላ ቃል አትጨምሩ። ዛሬ ቤት ስትገቡ ከገባችሁት ቃል አንዱን አውጥታችሁ ሞክሩት። ጎድሎ ብታገኙት እፈሩ፤ ማፈር ይሻላል። ገና ጊዜ አላችሁ።

የሆስፒታሉን ነገር ልጨርስላችሁ። ምዝገባው እንደ አዲስ እንደሚጀመር የሚገልጽ ማስታወቂያ በግቢው በር ላይ ተለጠፈ። ገጠር ላለው የደወለ የለም። የከተማው ሰው በማግስቱ ተሰለፈ። ድንቅነሽ ወሬውን ሰምታ ልጇን ይዛ የደረሰችው በዘጠነኛው ቀን ነው። ኤፍራታ ሁለት መቶ ሰማንያ ሦስተኛ ሆና ተመዘገበች።