ጠያቂ ያጣው ባለ ወፍጮ

አንድ ባለ ወፍጮ ነበረ። ልጄ የሺመቤት፣ «ሠራተኞቼ እንደ እናት ያዩኛል፤ ክፉ ቀን ቢመጣ ይህ ፍቅር አይበቃም ወይ?» ብለሽ ስለ ዳቦ ቤትሽ ጠይቀሽኛል። መልሱ ያለው እሱ ዘንድ ነውና ጥቂት ታገሺኝ።

ሰውየው ሀብታም ነበር፤ ደግሞም ደግ ነበር። ሁለቱ በአንድ ሰው ላይ ሲገናኙ ብዙ ጊዜ አይታይም። ወፍጮው ወንዝ ዳር የተተከለ፣ በውሃ የሚዞር ነው። የአገሩ ሰው እህሉን በጆንያ እያመጣ እዚያው ያስቀምጣል፤ ተራው ሲደርስ ያስፈጫል። የስንት ቤተሰብ ቀለብ በእጁ ስለነበረ፣ እህሉ ቢበላሽ ሀብቱ ብቻ ሳይሆን ስሙም አብሮ ይሄዳል።

አንድ ቀን ብርድ ብርድ አለውና ቤቱ ገብቶ ተኛ። ወሬው ወፍጮ ቤት ሲደርስ ሠራተኞቹ የያዙትን ጥለው መጡ። የእኛ ሰው መቼም ታመመ የተባለን ሳይጠይቅ አያድርም። አልጋውን ከበው «እግዜር ይማርዎ» እያሉ ተቀመጡ። አንዱ ዳማከሴ ጨምቆ አቀረበ፤ ሌላው እግሩን ያሽለት ጀመር። ባለ ወፍጮው ደስ ብሎት ዓይኑ እንባ አቀረረ። ባለቤቱ ግን ቤቱን ሞልተው የተቀመጡትን በዓይኗ ቃኘችና «ሁላችሁም እዚህ ናችሁ። ወፍጮው ዘንድ ማን ቀረ?» አለች።

እርስ በርስ ተያዩ። እያንዳንዱ ሌላው ቀርቷል ብሎ ነበር የመጣው። ተያይዘው ሲሮጡ በሽተኛውም ጋቢውን እየጎተተ ተከተላቸው። ወፍጮው እህሉን ጨርሶ ባዶውን ይዞራል፤ ድንጋይ ከድንጋይ ሲፋጭ ውሎ ቤቱ ጭስ ጭስ ይሸታል። ድንጋዩ እንደገና እስኪወቀር ድረስ የአገሩ ሰው ከቂጣው ጋር ጠጠር ሲቆረጥም ሰነበተ።

ባለ ወፍጮው ሲሻለው «መቼም ይወዱኛል» አለ።

«ይወዱሃል። ጉድ ያደረገንም እሱ ነው» አለችው ባለቤቱ።

ነገሩ ከነከነው። ሠራተኞቹን ሰብስቦ ለእያንዳንዱ የክፉ ቀን ቦታውን ሰጠው። አንዱ ውሃው የሚገባበትን ቦይ ይዘጋል፣ አንዱ ድንጋዩን ያቆማል፣ የቀሩት እህሉን ከወፍጮው በላይ ወዳለው ጉብታ ያወጣሉ። ከሠራተኞቹ መካከል እህል ሰፋሪዋን ደግሞ «እኔ በሌለሁበት ቃሏ ቃሌ ነው» ብሎ በሁሉ ፊት ሾማት። ከዚያ በኋላ ሰማዩ ጥርት ባለበት፣ ወንዙ እስከ ጉልበት በማይደርስበት በጋ ድንገት ብድግ ብሎ «ጎርፍ መጣ!» ይላል፤ ሠራተኞቹም ለልምምድ ወደየቦታቸው ይሮጣሉ። ሌላ ጊዜ ደግሞ እንደ ፈረስ ጤነኛ ሆኖ ሳለ «ዛሬ ታምሜያለሁ፤ ማንም እንዳይጠይቀኝ» ብሎ ይተኛል። አንድ ቀን አላስችል ብሎት መጣና «ቦዩን እንዲህ ዝጉ፣ ጆንያውን እንዲያ ያዙ» ማለት ሲጀምር፣ ሰፋሪዋ «ጌታዬ፣ ታመዋል እኮ፤ ሄደው ይተኙ» ብላ መለሰችው። እያጉረመረመ ሄዶ ተኛ።

የመንደሩ ሰው ሳቀበት። ከሠራተኞቹ አንጋፋው ግን ፈራ። «ጌታዬ፣ አያሟርቱ። ክፉ ነገር በአፍ አይጠራም» አለው።

«ክፉ ነገር ጆሮ የለውም፤ ስለጠራነው አይመጣም፣ ዝም ስላልነውም አይቀርም» ሲል መለሰለት።

ክረምት ገባ። አንድ ጠዋት ባለ ወፍጮው ከበቅሎ ወደቀና እግሩ ተሰበረ። ወጌሻ ጠግኖ፣ በቀርከሃ አስሮ አስተኛው። በዚያው ሰዓት ደጋው ላይ የዘነበው ዝናብ ወንዙን ሞላው። ድምፁ እስከ አልጋው ይሰማል። ጎረቤቱ ሁሉ ጠየቀው፤ ከሠራተኞቹ ግን አንድም ሰው ብቅ አላለም።

መጀመሪያ ስለ እህሉ ተጨነቀ። ቀኑ እየገፋ ሲሄድ ስለ ራሱ ከፋው። «መውደቄን ሰምተዋል?» ብሎ ጠየቀ።

«ጠዋት ነው የሰሙት» አለች ባለቤቱ።

«ታዲያ አንድ ሰው እንኳ ደህና አደርክ አይለኝም? ስንት ዓመት አብረን በልተን?»

«አትምጡ ያልካቸው ራስህ አይደለህም?»

«ያን ጊዜ እኮ ደህና ነበርኩ!» አለና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ባለቤቱ ሳቋን ለመደበቅ ወደ ጓዳ ገባች።

ወደ ማታ ላይ በሩ ተንኳኳ። ሠራተኞቹ እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ሆነው ገቡና «እግዜር ይማርዎ» አሉ።

«አሁን ነው የምትመጡት?» አለ እንደ ተቀየመ።

«ውሃው ሳይጎድል ማን ይመጣል፣ ጌታዬ?» አለች ሰፋሪዋ። «መንኮራኩሩን ጎርፉ ወስዶታል፤ አላዳንነውም። የሰው እህል ግን ሁሉም ጉብታው ላይ ነው። አንድ ቁና አልረጠበም። ሁለቱን ጠባቂ አድርጌ ትቼ ነው የመጣሁት።»

ባለ ወፍጮው አያት። ኩርፊያው እንደ ጉም በነነ። «በሉ ተቀመጡ። አሁን መታመም እችላለሁ» አለ። ቤቱ በሳቅ ሞላ፤ እሱም እግሩን እያመመው አብሯቸው ሳቀ።

እንግዲህ ልጄ፣ ባለ ወፍጮዋ አንቺ ነሽ። ሠራተኞችሽ እንደሚወዱሽ አልጠራጠርም። ነገር ግን በዳቦ ቤትሽ እሳት ቢነሳ፣ ወይም አንቺ ድንገት ብትወድቂ፣ ያ ፍቅር ወዴት ይሮጣል? ካላለማመድሽው ወደ አንቺ ይሮጣል፤ ምድጃውን ትቶ አንቺን ሊያጽናና ይመጣል። የአንቺም ልብ የሚፈልገው ይህንኑ ነው፤ ስለዚህ አስቀድሞ መልመድ ያለብሽ አንቺ ራስሽ ነሽ። አባቶች «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ያሉት ለዚህ ነው። ለየሰዉ ቦታውን ስጪ፣ በሌለሽበት ቃሏ ቃልሽ የሚሆን ሰው ሹሚ፤ ከዚያ ነገ ጠዋት ዳቦው ምድጃ ውስጥ ሳለ፣ ጤናሽ ሙሉ ሳለ ታመሚ። የሚጠይቅሽ ከመጣ ወደ ሥራው መልሺው። እኔም አልመጣም።